ፓኬጁን ማን በላው? ታይኒዎል በቤት ላፕቶፕ ላይ

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ታይኒዎል የሚባለው ለዊንዶውስ የተሠራ ነፃ ፋየርዎል (የትኛው ፕሮግራም ኢንተርኔት እንዲጠቀም የሚፈቅድና የሚከለክል ዘበኛ) አሪፍ ነው። ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም። ላፕቶፓችሁ ማንም ሳይነካው ራሱ ኢንተርኔት እየገባ የስልካችሁን ፓኬጅ ሙልጭ አድርጎ የሚበላባችሁ ከሆነ፣ ይሄን ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ዊንዶውሱ ውስጥ መታየት ያለባቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ፤ ብዙዎቻችሁ እነሱን ነካክታችሁ እዚያው ትገላገላላችሁ። ለማይገላገሉት ነው ታይኒዎል የሚያስፈልገው። ስለዚህ ይሄ ግምገማ ስለ ፕሮግራሙ ቢሆንም መጀመሪያ ሌባውን ስለማግኘት ነው የማወራው፤ ሌባው ሳይታወቅ በር መቆለፍ ትርፉ ራስን ውጭ ማስቀረት ነው።

እኛ ቤት ገመድ ኢንተርኔት የለም። አንድ የጋራ ላፕቶፕ አለ፣ ኢንተርኔቱ ደግሞ ከስልክ ሆትስፖት ነው የሚመጣው፤ ብዙ ቤት እንደዚህ መሆኑን አውቃለሁ። ሆትስፖቱ ገና ሲከፈት ላፕቶፑ ስሙን ስለሚያስታውስ ሳይጠይቅ ይገናኛል። ታናሽ እህቴ አንዲት ፒዲኤፍ ለማውረድ ትከፍተዋለች። ፋይሏ ወርዳ ሳታልቅ «ፓኬጅዎ እያለቀ ነው» የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ይመጣል። ከዚያ የተለመደው ጭቅጭቅ ይጀመራል፦ «ምን አይተሽበት ነው?» «ምንም አላየሁም!» እውነቷን ነበር፣ ምንም አላየችም።

እንዲህ ሲሆን ሰው መጀመሪያ የሚወቅሰው ኔትወርክ አቅራቢውን ነው። ቀጥሎ ቤት ውስጥ ያለውን ልጅ። ከዚያ «ቫይረስ ነው» ይባልና ላፕቶፑ ጥገና ቤት ይሄዳል። ጥገና ቤት ደግሞ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ፎርማት ይደረግ።» እኔ የወሰድኩበት ሱቅም ስክሪኑን ሳይከፍት ነው ይሄን ያለኝ። አሁን ፎርማት ማድረግ ለዚህ ችግር ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ሲያገኝ የመጀመሪያ ሥራው የቀረበትን አፕዴት ሁሉ ከዜሮ ጀምሮ ማውረድ ነው። የስክሪን ካርድ ድራይቨር፣ የደህንነት አፕዴት፣ የማይክሮሶፍት ስቶር አፖች፣ ሁሉንም። ማለትም ብር ከፍላችሁ ችግሩን አባዝታችሁ ትመለሳላችሁ። ፋይላችሁም በመሀል ይጠፋል።

ነገሩ ወዲህ ነው፦ ዊንዶውስ የተሠራው በወር አንዴ ተከፍሎበት ያለ ገደብ የሚሠራ መስመር እንዳላችሁ ታሳቢ አድርጎ ነው። ኢንተርኔት ካገኘ ያወርዳል። ማይክሮሶፍት መደበኛውን የደህንነት አፕዴት የሚለቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው፤ በኛ ሰዓት ሲሰላ ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይሄ እንግዲህ ሰው ከሥራና ከትምህርት ገብቶ ላፕቶፕ የሚከፍትበት ሰዓት ነው። «በፈረንጆቹ ወር መሀል አካባቢ ፓኬጄ ቶሎ ያልቃል» የምትሉ ሰዎች ካላችሁ ቀን መቁጠሪያውን አንዴ እዩት። ዓመታዊው ትልቁ አፕዴት ደግሞ በጊጋ የሚቆጠር ነው፣ እሱ ከመጣ ዕለታዊ ፓኬጅ ጠብ አይልለትም።

መርማሪው ቤታችሁ ውስጥ አለ። ሴቲንግ ትከፍታላችሁ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን ትፈልጋላችሁ፤ ዊንዶውስ 11 ላይ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ከሚለው ሥር ተደብቋል። ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት እንደተጠቀመ በቅደም ተከተል ይዘረዝርላችኋል። በየኔትወርኩ ለይቶ ስለሚያሳይ ከላይ ካለው ምርጫ የስልካችሁን ሆትስፖት ስም ምረጡ፤ አለበለዚያ ቢሮ ወይም ካፌ የተጠቀማችሁት ይደባለቅባችኋል። ታስክ ማናጀር ውስጥም «አፕ ሂስትሪ» የሚል ገጽ አለ። እሱ ግን ሲከፈት የሚያሳየው የስቶር አፖችን ብቻ ነው። «ሁሉንም ፕሮሰስ አሳይ» የምትለውን ምርጫ ካላበራችሁ ትልልቆቹ በሊታዎች አይታዩም። ብዙ ሰው ይሄን ገጽ አይቶ «ኧረ ምንም የለም» ብሎ የሚዘጋው ለዚህ ነው።

ያለፈውን ሳይሆን አሁን የሚሆነውን ለማየት ሪሶርስ ሞኒተር አለ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አር ትጫኑና «ሬስሞን» ተብሎ የሚነበበውን አጭር ስሙን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ታስገባላችሁ፤ ካላወቃችሁት መፈለጊያው ላይ ሪሶርስ ሞኒተር ብላችሁ መፈለግም ይሆናል። ኔትወርክ የሚለውን ገጽ ክፈቱ። ከዚያ ብራውዘሩን፣ ቴሌግራሙን፣ ሁሉንም ዝጉና እጃችሁን ከማውሱ ላይ አንሱ። የሚቀበለውን መጠን የሚያሳየውን ዓምድ ርዕስ ስትጫኑት ብዙ የሚበላው ወደ ላይ ይመጣል። እኛ ላፕቶፕ ላይ ያየሁት እንዲህ ነበር፦ ስክሪኑ ላይ የተከፈተ ነገር የለም፣ ግን «ኤስቪሲ ሆስት» የሚል ስም አናቱ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩ በየሰከንዱ እየጨመረ ይሄዳል። ሆትስፖቱን ሳጠፋው ቁጥሩ ዜሮ ይሆናል። ሳበራው ጥቂት ሰከንድ ይጠብቅና ካቆመበት ይቀጥላል። እጅ ከፍንጅ ማለት ይሄ ነው።

ኤስቪሲ ሆስት ስታዩ ግን ቫይረስ ነው ብላችሁ አትደንግጡ። ብዙዎቹ የዊንዶውስ አገልግሎቶች በዚህ ስም ስለሚሠሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ታያላችሁ። ታስክ ማናጀር ውስጥ ዲቴይልስ ላይ ገብታችሁ፣ ሪሶርስ ሞኒተር ላይ ካያችሁት የፕሮሰሱ ቁጥር (ፒአይዲ) ጋር አመሳክራችሁ፣ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ «ጎ ቱ ሰርቪስ» ካላችሁት የትኛው አገልግሎት እንደሆነ መርጦ ያሳያችኋል። አብዛኛውን ጊዜ ወይ ዊንዶውስ አፕዴት ነው ወይ ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን። ይሄ ሁለተኛው የሚገርም ነገር ነው። አፕዴትን ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ሰዎች ኮምፒውተር ላይ ያወርዳል፣ የናንተንም ኮምፒውተር ተጠቅሞ ለሌሎች ይልካል። ከሁለቱ ምርጫዎች «ኢንተርኔት ላይ ያሉ ኮምፒውተሮችም» የሚለው ተመርጦ ከሆነ፣ እናንተ በሞላችሁት ካርድ የማታውቁት ሰው አፕዴት ያደርጋል ማለት ነው። ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ላይ ገብታችሁ አጥፉት። ይሄን ለማጥፋት ማሰብ አያስፈልግም።

ከዊንዶውስ ውጭ ያሉት ተጠርጣሪዎች በኛ አገር ቤት የታወቁ ናቸው። አንደኛው ቴሌግራም ነው። በዴስክቶፕ ቴሌግራም ላይ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ፎቶና ፋይል ራሱ የሚያወርድበት ምርጫ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ አድቫንስድ ሥር ለግል መልእክት፣ ለግሩፕና ለቻናል ተለያይቶ ተቀምጧል። የቻናሉን አጥፉ። መቼ እንደገባችሁ የማታስታውሱት የሽያጭ ቻናል ሁሉ የጫማ ፎቶውን በናንተ ሂሳብ ያራግፋል። ሁለተኛው ቶሬንት ነው፣ ፊልም ከሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር ላይ የሚወርድበት ፕሮግራም። ፊልሙ ወርዶ ካለቀ በኋላም ፕሮግራሙ ከታች ሰዓቱ ጋ ተደብቆ ለሌሎች መላኩን ይቀጥላል፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥርም ይነሳል። ክሮም ደግሞ ብትዘጉትም ከበስተጀርባ እንዲቀጥል የሚያደርግ ማብሪያ አለው፣ ሴቲንጉ ውስጥ ሲስተም የሚለው ላይ። ዋን ድራይቭ፣ የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ፣ ዴስክቶፕ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሁሉ ወደ ኢንተርኔት እየጫነ ሊሆን ይችላል። ጌም የሚጫወት ልጅ ካለ ስቲም አለ፣ የሱ አፕዴት ስንት እንደሚሆን ልጁን ጠይቁት። ታስክ ማናጀር ውስጥ ስታርትአፕ የሚለው ገጽ ላይ አብዛኞቹን ዲሴብል ማድረግ ይቻላል፤ ፕሮግራሙ አይጠፋም፣ ስትፈልጉት ብቻ ይከፈታል።

አሁን ትልቁ ማብሪያ። «ሚተርድ ኮኔክሽን» ይባላል። ከሆትስፖቱ ጋር ተገናኝታችሁ ሳለ የዋይፋዩን ፕሮፐርቲስ ከፍታችሁ ታበሩታላችሁ። ለዊንዶውስ የምትነግሩት «ይሄ መስመር በመጠን የሚከፈልበት ነው፣ ቀስ በል» ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው አፕዴት ራሱ አይወርድም፣ የስቶር አፖች ዝም ይላሉ፣ ዋን ድራይቭም ማመሳሰሉን ያቆማል። በጣም አስፈላጊ ያላቸውን ጥቂት አፕዴቶች ግን አሁንም ሊያወርድ ይችላል። ነፃ ነው፣ ምንም አይጫንም፣ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ይሄን ማብሪያ የማያሳይ ጥገና ቤት እንዴት ፎርማት ይሸጣል?

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ይሄ ምርጫ የሚቀመጠው በየኔትወርኩ ስም ነው። የስልካችሁን ሆትስፖት ስም ከቀየራችሁ፣ ወይም ዛሬ በአባባ ስልክ ነገ በእማማ ስልክ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ማብራት አለባችሁ። ሌላው ብዙ ሰው የሚሸወድበት ዩኤስቢ ነው። ስልኩን በገመድ ሰክታችሁ ኢንተርኔት ስታጋሩ ዊንዶውስ የሚያየው ዋይፋይ ሳይሆን ኢተርኔት ነው። ስለዚህ ዋይፋዩን ሚተርድ አድርጋችሁት በገመድ ስትሰኩ ምንም ገደብ የለም፣ አፕዴቱ እንደ ልቡ ይወርዳል። ከ2017 ወዲህ ባሉት የዊንዶውስ ዓይነቶች ኢተርኔትንም ሚተርድ ማድረግ ስለሚቻል፣ ገመዱ እንደተሰካ ኢተርኔት የሚለው ገጽ ላይ ገብታችሁ እሱንም አብሩት።

በራሱ መገናኘቱን ጨርሶ ለማስቆም ደግሞ ከሆትስፖቱ ስም ሥር «ኮኔክት አውቶማቲካሊ» የሚለውን ምልክት አንሱ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ የሚገናኘው ሰው ሲያዝዘው ብቻ ነው። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ክዳናቸው ተዘግቶም ከኔትወርክ ጋር እንደተገናኙ ይቆያሉ፤ እንቅልፍ ላይ ናቸው ብላችሁ አስባችሁ ቦርሳ ውስጥ ስታስገቡ ኢሜይል ይቀበላሉ፣ አልፎ አልፎም ያወርዳሉ። ፓወር ሴቲንግ ውስጥ በስታንድባይ ጊዜ ከኔትወርክ እንዲለያይ የሚያደርግ ምርጫ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት፣ ካላገኛችሁ ሻት ዳውን ማድረግ ነው። ወይም ሆትስፖቱን ማጥፋት፣ ለባትሪውም ይሻላል።

እስከዚህ ድረስ ያለውን አድርጋችሁ ፓኬጃችሁ ከቆየላችሁ ማንበቡን እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ፣ አልቀየማችሁም። እኛ ቤት ግን አልበቃም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ሚተርድ የሚለውን የሚያከብሩት ዊንዶውስና ጨዋ ፕሮግራሞች ናቸው። የሌሎቹ አፕዴት አድራጊዎች፣ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር፣ የፒዲኤፍ አንባቢው፣ ላፕቶፑ ሲገዛ አብሮት የመጣው ኮተት፣ ማንም አይሰማም። ታይኒዎል የገባው እዚህ ላይ ነው።

ታይኒዎል የሠራው ካሮይ ፓዶስ የሚባል ሰው ነው። ነፃ ነው፤ የሚከፈልበት ቅጂም ሆነ ማስታወቂያ የለውም። ማውረጃው በጣም ትንሽ ነው፣ ፓኬጅ ለመቆጠብ የሚወርድ ፕሮግራም ራሱ ፓኬጅ ሲጨርስ ማየት አልፈልግም ነበርና ይሄ ደስ ብሎኛል። ከዋናው ድረ ገጹ ብቻ አውርዱት፣ ከሶፍትዌር ማከማቻ ቻናሎች ላይ አትውሰዱ። የሚሠራው በዊንዶውስ ውስጥ ባለው የማጣሪያ ሥርዓት ላይ ስለሆነ ኮምፒውተሩን አያከብደውም፤ የኛ ላፕቶፕ አሮጌ ነው፣ ልዩነቱ አልተሰማኝም።

አሠራሩ ከሌሎች ይለያል። ብዙዎቹ ሌሎች ፋየርዎሎች አንድ ፕሮግራም ሊወጣ ሲል «ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?» እያሉ መስኮት ያመጡባችኋል። በመጀመሪያው ቀን በጥንቃቄ ታነባላችሁ፣ በሦስተኛው ቀን ሳታዩ እሺ እሺ ትላላችሁ፣ ከዚያ ፋየርዎሉ ትርጉም ያጣል። ታይኒዎል አይጠይቅም። ያልፈቀዳችሁለት ሁሉ ዝም ብሎ ይታገዳል፣ በቃ። መፍቀድ የናንተ ሥራ ነው። ይሄ አካሄድ ለኛ ዓይነት ቤት ልክ ነው፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት በትክክል የሚያስፈልጋቸው ፕሮግራሞች ጥቂት ናቸው። ብራውዘር፣ ቴሌግራም፣ ምናልባት ዙም። ሌላው ምን ሥራ አለው?

አፈቃቀዱን ላሳያችሁ። ከጫናችሁት በኋላ ክሮምን ስትከፍቱ ገጹ አይመጣም። አትደናገጡ። ከታች ሰዓቱ ጋ ያለችውን የታይኒዎል ምልክት ስትጫኑ ዝርዝር ይወጣል፤ ከዝርዝሩ «ዋይትሊስት ባይ ዊንዶው» የሚለውን ትመርጣላችሁና የክሮም መስኮት ላይ አንዴ ትጫናላችሁ። ተፈቅዷል የሚል መልእክት ብቅ ይላል። ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉት ይከፈታል። አለቀ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ደብልዩን አንድ ላይ በመጫንም ይሆናል። መስኮት የሌለው ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ከፋይሉ ወይም እየሠሩ ካሉ ፕሮሰሶች ዝርዝር ላይ መምረጥ ትችላላችሁ። እናቴ እንኳን አንዴ ካየች በኋላ ራሷ አድርጋዋለች፤ «ይቺን ነክቼ እሱን መንካት ነው አይደል?» ብላ። አዎ እማ፣ ያው ነው።

ፈቃዱ የግድ ዘላለማዊ አይደለም፣ ይሄን በጣም ወድጄዋለሁ። ማኔጅ በሚለው ውስጥ ገብታችሁ አንድን ፕሮግራም ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ወይም ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ መፍቀድ ትችላላችሁ። ለምሳሌ ጌሙ አፕዴት ካስፈለገው ለአንድ ሰዓት ተፈቅዶለት ከዚያ በራሱ ይዘጋል። ቤት ውስጥ ባለው ኔትወርክ ብቻ እንዲሠራ መወሰንም አለ፤ ፕሪንተሩ እንዲያትም ፈቅዳችሁ ሶፍትዌሩ ውጭ እንዳይወጣ ማድረግ ማለት ነው።

ዊንዶውስ አፕዴትስ? «ስፔሻል ኤክሴፕሽንስ» የሚል ገጽ አለ። እዚያ ውስጥ የዊንዶውስ ክፍሎች ተዘርዝረዋል፣ ከተመከሩት ውስጥ አፕዴትም ምልክት ተደርጎበት ታገኙታላችሁ። ምልክቱን ካነሳችሁ አፕዴት አይወጣም። እኔ አንስቼዋለሁ፣ ግን ልቅ ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስሄድ ላፕቶፑን ይዤ ሄጄ መልሼ አበራዋለሁ። ጨርሶ ዘግቶ መርሳት አይገባም፤ የደህንነት አፕዴት ለዓመት ያላገኘ ላፕቶፕ፣ በተለይ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ፍላሽ የሚሰካበት፣ ፓኬጅ ከማለቅ የባሰ ነገር ያመጣል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያላችሁ ደግሞ መደበኛው ድጋፍ በፈረንጆቹ ጥቅምት 14 ቀን 2025 ማብቃቱን እወቁ። የዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) ምልክትን ግን አትንኩ፣ እሱን ካነሳችሁት ምንም ገጽ አይከፈትም።

ከዝርዝሩ ላይ «ሾው ኮኔክሽንስ» የሚለው አሁን ከውጭ ጋር የተገናኘውን ሁሉ ያሳያል፤ የታገዱትን የሚያሳየውን ሳጥን ምልክት ስታደርጉበት ደግሞ በቅርብ ደቂቃዎች ውስጥ ሊወጡ ሞክረው የተመለሱትን ታያላችሁ። መጀመሪያ ቀን ስከፍተው ሳቄ ነው የመጣው። የስካነሩ ፕሮግራም፣ ስካነሩን ከሸጥነው በኋላ፣ ደጋግሞ በሩን ያንኳኳል! ከዚሁ መስኮት ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ በስህተት የታገደውን መፍታትም ትችላላችሁ። የስም ዝርዝሩ ግን ለጀማሪ አስቸጋሪ ነው፤ የፕሮግራሙ የፋይል ስምና የአይፒ አድራሻ እንጂ «ይሄ የፕሪንተራችሁ አፕዴት ነው» ብሎ የሚነግራችሁ የለም።

ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ሁኔታም አለው፣ «ብሎክ ኦል»። ሆትስፖቱ በርቶ ሳለ ላፕቶፑ ላይ ጽሑፍ ብቻ መጻፍ ስትፈልጉ ይሄን ትመርጣላችሁ፣ አንዲት ነገር አትወጣም አትገባም። የምልክቷ ቀለም በየሁኔታው ስለሚቀያየር የት ላይ እንዳላችሁ ታውቃላችሁ። «አውቶለርን» የሚባለውን ግን ተጠንቀቁት። እሱ ሲበራ በዚያ ሰዓት ኢንተርኔት የሚጠቀመውን ሁሉ ተፈቅዷል ብሎ ይመዘግባል። ኮምፒውተሩ ንጹሕ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሌባውን ራሱን ዘበኛ አድርጋችሁ ቀጠራችሁ ማለት ነው። እና እንነጋገር ከተባለ፣ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር የሌለበት ላፕቶፕ ስንት ቤት አለ? ክራኩ ውስጥ ምን እንዳለ የጫነው ልጅም አያውቅም። ስለዚህ በእጅ፣ አንድ በአንድ ፍቀዱ።

ጉድለቶቹን ልናገር። ትልቁ፣ ማን ስንት ሜጋ እንደበላ አይቆጥርም። ምልክቷን ስትጫኑ በዚያች ቅጽበት ያለውን የማውረድና የመላክ ፍጥነት ያሳያል እንጂ ድምር የለውም፤ ለሱ ወደ ዊንዶውስ ዳታ ዩሴጅ መመለስ ነው። አማርኛ የለውም። ፕሮግራሞችን በፋይላቸው ቦታ ስለሚለይ፣ በየአፕዴቱ ፎልደራቸውን የሚቀያይሩ ፕሮግራሞች እንደገና ፈቃድ ይፈልጋሉ፤ ትናንት ይሠራ የነበረ አፕ ዛሬ «ኢንተርኔት የለም» ሲል የመጀመሪያው ጥርጣሬያችሁ ይሄ ይሁን። እና ዝምታው። አለመጠየቁ ጥሩ ነው ብያለሁ፣ ግን ፋየርዎል መኖሩን የማያውቅ እንግዳ ላፕቶፑን ከተዋሰ ኔትወርኩ ተበላሽቷል ብሎ ነው የሚያስበው። ለዘመድ ላፕቶፕ ጭናችሁለት ሳትነግሩት ከሄዳችሁ ስልካችሁ ሲጮህ ያድራል። ለዚህ ነው ለሁሉም አይሆንም ያልኩት።

የይለፍ ቃል ማድረግ ይቻላል፣ ካደረጋችሁ ሌላ ሰው ፈቃዶቹን መቀየር አይችልም። ለልጆች ጥሩ ነው። እኛ ቤት ግን አላደረግኩም፤ እህቴ ለክፍል ሥራ አዲስ ነገር ባስፈለጋት ቁጥር እኔን መጠበቅ የለባትም፣ ደግሞም ያኔ ምንም እንዳላየች ስትምል አልሰማኋትም።

ማን ይጫነው? በሆትስፖት ወይም በተወሰነ ፓኬጅ የሚጠቀም፣ ዊንዶውስ ያለው፣ ሚተርዱን አብርቶም ያልዳነ፣ አዲስ ፕሮግራም ቶሎ ቶሎ የማይጭን ሰው። ለሱ ከልብ እመክራለሁ፣ ከአምስት አራት ተኩል እሰጠዋለሁ፣ ግማሿን የቀነስኩት ባለመቁጠሩ ነው። ያልተገደበ የገመድ መስመር ላለው ሰው ግን ጣጣው ከጥቅሙ ይበልጣል፣ አትልፉ። ማክ ያላችሁ ሉሉ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራላችኋል፤ ሊኑክስ የምትጠቀሙ ኦፕን ስኒች አለላችሁ፣ እናንተ መቼም አታጡትም።